በሲ ፕላስ ፕላስ የታይፕ ምድብን በኮምፓይል ጊዜ መለየት

በሲ ፕላስ ፕላስ አንድ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ቁጥር፣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ) ወይም ክላስ መሆኑን ኮዱ ገና ኮምፓይል ሲደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም) መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄውን የሚመልሱት ታይፕ ትሬትስ የሚባሉ ቴምፕሌቶች (ለብዙ ታይፕ የሚያገለግሉ የኮድ ሻጋታዎች) ናቸው፤ ቡስት በሚባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ዳብረው በ2011 የቋንቋው ስታንዳርድ አካል ሆኑ።

ዋና ምድቦቹ 14 ናቸው፦ ቮይድ፣ ነል ፖይንተር (በ2014 የተጨመረ)፣ ኢንቲግራል (ሙሉ ቁጥር)፣ ፍሎቲንግ ፖይንት (የአስርዮሽ ቁጥር)፣ አሬይ፣ ኢነም፣ ዩኒየን፣ ክላስ፣ ፈንክሽን፣ ፖይንተር፣ ሁለት ዓይነት ሪፈረንስ (ለነባር ዕቃ የሚሰጥ ሌላ ስም) እና ሁለት ዓይነት የክላስ አባል ፖይንተር። ማንኛውም ታይፕ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ይመደባል። ኮንስት (ዋጋው የማይለወጥ) መሆኑ ምድቡን አይለውጠውም።

ፖይንተርን ለመለየት መጀመሪያ ለሁሉም ታይፕ «ሐሰት» የሚል ቴምፕሌት ይጻፋል፤ ከዚያ ፖይንተር ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ስፔሻላይዜሽን (ለተወሰነ ታይፕ ለብቻው የተጻፈ የቴምፕሌቱ ቅጂ) «እውነት» ይላል። ኮምፓይለሩ ይበልጥ የሚገጥመውን ይመርጣል። ራሱ ኮንስት የሆነ ፖይንተር ግን ካልታሰበበት ያመልጣል። ከሁሉ የሚያምረው የፈንክሽኑ ብልሃት ነው፦ ኮንስት ሲጨመርበት ኮንስት የማይሆነው ሪፈረንስ ወይም ፈንክሽን ብቻ ስለሆነ፣ ሪፈረንስ ከወጣ የቀረው ፈንክሽን ነው። ዩኒየንን ከክላስ መለየት ግን በቴምፕሌት ብቻ ስለማይቻል መልሱን ኮምፓይለሩ ራሱ ይሰጣል።

ስህተት በብዛት የሚመጣው ከሪፈረንስ ነው። ትሬቱ የሚመረምረው የተሰጠውን ታይፕ እንዳለ ነውና የኢንት ሪፈረንስ ኢንቲግራል አይደለም። ፎርዋርዲንግ ሪፈረንስ (ተለዋዋጭንም ቀጥታ ዋጋንም የሚይዝ ሪፈረንስ) የሚቀበል ቴምፕሌት ስም ያለው ተለዋዋጭ ሲሰጠው ታይፑን የሚያወጣው ከነሪፈረንሱ ነው፤ ስለዚህ ለቀጥታ ቁጥር የሠራው ቅርንጫፍ ለተለዋዋጩ ዝም ብሎ ይዘለላል። ኮዱ ያለ ስህተት ኮምፓይል ስለሚሆን ጉድለቱን ማግኘት ያደክማል። መፍትሔው ከመጠየቅ በፊት ሪፈረንሱን በሪሙቭ ሪፈረንስ ማንሳት ነው። ሌላም አለ፦ ቡልና ቻር (የእውነት/ሐሰት እና የፊደል ታይፖች) ኢንቲግራል ናቸው፤ ስለዚህ «ቁጥር ብቻ» የሚል ፈንክሽን ሁለቱን ለይቶ ማስቀረት አለበት። የስታንዳርድ ላይብረሪው አሬይ (std::array) ደግሞ በምድብ ክላስ እንጂ አሬይ አይደለም።

ከ2017 ወዲህ የትሬቱ ውጤት በኢፍ ኮንስቴክስፕር (በኮምፓይል ጊዜ በሚወሰን ኢፍ) ውስጥ ይገባል፤ በቴምፕሌት ውስጥ ያልተመረጠው ቅርንጫፍ ለዚያ ታይፕ አይመነጭም። በ2020 የመጡት ኮንሴፕቶች (ቴምፕሌት የትኛውን ታይፕ እንደሚቀበል የሚገድቡ) ገደቡን በፈንክሽኑ ፊርማ ላይ ስለሚያስቀምጡ የስህተት መልእክቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የራስን ታይፕ ቁጥር ለማስመሰል የስታንዳርዱን ትሬት ስፔሻላይዝ ማድረግ ግን የተከለከለ ነው፤ በራስ ኔምስፔስ (የስሞች ክልል) አዲስ ትሬት መጻፍ ይገባል።