በከበባ ድራማ ውስጥ «ታሪካዊ ትክክለኛነት» ምንድን ነው?

ቫይኪንጎች (ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየመጡ ይዘርፉ የነበሩት ተዋጊዎች) ከተማ ሲከቡ የሚያሳይ ድራማ ባየን ቁጥር አንዱ «ቆይ፣ ይሄ ግን እውነት ነው?» ማለቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው በዕቃው ነው። የራስ ቁሩ ቀንድ ከሌለው «አጥንተው ነው የሠሩት» እንላለን። ቀንዱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ስለሆነ ልክ ነን። ታሪካዊ ትክክለኛነት ግን እዚያ አያበቃም። ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለውም ይገባበታል።

«ቫይኪንግስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ሲዝን እንይ። የቫይኪንጎቹ መሪ ራግናር ፓሪስን ይከባል፣ የከተማዋ ገዥ ካውንት ኦዶ ይከላከላል። በእውን ግን ሁለቱ አልተገናኙም። ከራግናር ጋር የሚያያዘው መሪ ፓሪስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ845 ነው። 7,000 ፓውንድ ብር (ማዕድኑን ነው የምለው) ተከፍሎት ሄደ። ኦዶ የተዋጋው በ885 በተጀመረው ከበባ ነው። የራግናር ወንድም የተደረገው ሮሎ ደግሞ ከፍራንኮች (ያኔ ፓሪስን ይገዛ የነበረው ሕዝብ) ንጉሥ መሬት ያገኘው በ911 ነው። 66 ዓመት በአንድ ጆንያ ታጭቋል!

ታዲያ ከምን ጋር እናመሳክረው? የ885ቱን ከበባ በዓይኑ ያየ አቦ የሚባል መነኩሴ (የኛው አቦ አይደሉም) በላቲን ግጥም ጽፎታል። ጠላት 40,000፣ እኛ 200 ነበርን ይላል። 40,000ውን የሚቀበል የታሪክ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። የዓይን እማኝም እንደ ድራማ ጸሐፊ ያጋንናል።

ትንንሹን ነገር ሲነግረን ግን አምነዋለሁ። የካቲት 886 ላይ ከተማዋን የከበበው የሴን ወንዝ ሞልቶ ከማዶ የሚያገናኛትን ትንሹን ድልድይ ወሰደው። ማዶ ባለው ማማ ውስጥ 12 ሰዎች ተቆርጠው ቀሩ። ቫይኪንጎቹ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ በሩ ላይ አስጠግተው ለኮሱት። ሰዎቹ የአደን ጭልፊቶቻቸው በጭስ እንዳይታፈኑ ማሰሪያቸውን ቆርጠው ለቀቋቸው። ይሄን ማን ቁጭ ብሎ ይፈጥረዋል?

ከበባው በድል አላለቀም። ወፍራሙ ቻርልስ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ጦር ይዞ መጣና ሳይዋጋ 700 ፓውንድ ብር ሊከፍል ተስማማ፤ ከፓሪስ በወንዙ ሽቅብ ያለውን የቡርገንዲ ግዛት ሂዱና ዝረፉ ብሎም ፈቀደላቸው። ፓሪሶች ግን «በድልድያችን ሥር አታልፏትም» አሉ። ቫይኪንጎቹ መርከቦቻቸውን በየብስ ጎትተው ከተማዋን አለፉ። በአራተኛው ሲዝን መርከቦች ገደል ሲወጡ አይቼ «ይሄስ በዛ» ብዬ ነበር። ገደሉ ነው እንጂ የበዛው፣ መጎተቱስ እውነት ነው።