ኢሙሌተር፣ ባዮስ እና ሮም፦ የድሮ ጌሞችና የቅጂ መብት

ኢሙሌተር የአንድን የጌም ማሽን አሠራር በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የፕሌይስቴሽን ዲስክ በላፕቶፕ፣ የኒንቴንዶ ካርትሪጅ ፋይል በስልክ የሚከፈተው በእሱ ነው። ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የመጀመሪያው ኢሙሌተሩ ራሱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ከባዶ የጻፉት ሥራ ነው። ሁለተኛው ባዮስ ነው፤ ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የአምራቹ ፕሮግራም ሲሆን በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን መጠኑ 524,288 ባይት ነው። ሦስተኛው ከካርትሪጅ ወይም ከሲዲ የተቀዳው የጌሙ ፋይል፣ በተለምዶ ሮም የሚባለው ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው በፍርድ ቤት ተፈትኖ አልፏል። ሁለቱ ግን ዛሬም የባለመብቶቻቸው ናቸው። (ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1992 እስከ 2000፦ የችሎት ዓመታት

መሠረቱን የጣለው የጄኔሲስ ጌም ማሽን አምራች የሆነው የሴጋና የጌም አዘጋጁ የአኮሌድ ክርክር ነው። ሴጋ በአዲሱ የጄኔሲስ እትም ላይ፣ ካርትሪጁ በተወሰነ ቦታ “SEGA” የሚሉትን አራት ፊደላት ካልያዘ ጌሙን የማያስነሳ መቆለፊያ አስገባ። አኮሌድ ማሽኑንና ሦስት ካርትሪጆችን ገዝቶ ኮዱን ፈታታ፣ አተመ፣ አጠና፤ ከዚያ የራሱን ጌሞች ጻፈ። ከሴጋ የወሰደው መክፈቻ ከ20 እስከ 25 ባይት ብቻ ነበር፤ የአኮሌድ ጌሞች ደግሞ ከ500,000 እስከ 1,500,000 ባይት ይመዝኑ ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ እግድ ሰጥቶ ነበር፤ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በጥቅምት 1992 ሻረው። ፍርዱ እንዳለው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ጥበቃ የማይገባውን ሐሳብ ለማግኘት ከመፈታታት ሌላ መንገድ ከሌለና ለዚህም ተገቢ ምክንያት ካለ፣ በመሐል የሚፈጠረው ቅጂ “ተገቢ አጠቃቀም”፣ ማለትም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሕጉ የሚፈቅደው ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጌም ሠሪው አታሪ ላይ ፈረደበት፤ ልዩነቱን ማወቅ ለማንኛውም ኢሙሌተር ጸሐፊ ይጠቅማል። የአታሪ ሰዎች የኒንቴንዶን የመቆለፊያ ኮድ ያገኙት ቺፑን በማጥናት ብቻ አልነበረም። በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ነን የሚል ሐሰተኛ ቃል ለአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ አቅርበው የተመዘገበውን ኮድ ወስደዋል። ጥናቱ ያው፣ ምንጩ ግን የቆሸሸ ሆነ። ዛሬ ጨዋ የኢሙሌተር ፕሮጀክቶች አፈትልኮ የወጣ የአምራች ኮድ ያየ ሰው እንዳይሳተፍ የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

ኢሙሌተርን በስሙ ያዳነው ግን የሶኒና የኮኔክቲክስ ጉዳይ ነው። የኮኔክቲክስ መሐንዲሶች በማክ ኮምፒውተር ላይ የፕሌይስቴሽን ጌም የሚያስኬድ ፕሮግራም ሠሩ። በሥራው ወቅት የሶኒን ባዮስ ደጋግመው ወደ ሜሞሪ ቀድተዋል፤ ለሽያጭ በቀረበው ምርት ውስጥ ግን ከሶኒ ኮድ አንዲት መስመር አልነበረችም። ሶኒ በጥር 1999 ከሰሰ፣ እግድም አገኘ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በየካቲት 2000 እግዱን አነሳ። ቅጂው ስንት ጊዜ ተደጋገመ የሚለው ቆጠራ ጉዳዩን እንደማይወስን ገለጸ። ምርቱ ጌሞቹ የሚሄዱበትን አዲስ መድረክ ስለፈጠረ ሕጋዊ ተፎካካሪ ነው፤ ሶኒ የሽያጭ ኪሳራ ቢደርስበትም የቅጂ መብት ጌሞቹ በሚጫወቱባቸው ማሽኖች ገበያ ላይ ብቸኛ ጌታ አያደርገውም አለ። ለፕሮግራመሮቹ ድል ነበር፤ ሶኒ ግን በ2001 ምርቱን ገዝቶ ከገበያ አወጣው።

ብሊም የተባለው ሌላ ድርጅት ከዚያ ይበልጥ ጠንቃቃ ነበር፤ የሶኒን ባዮስ ጨርሶ የማይፈልግ ኢሙሌተር ሠራ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነው በማስታወቂያው ላይ ስላወጣቸው የማነጻጸሪያ ሥዕሎች ነበር፤ እዚያም በግንቦት 2000 ብሊም ረታ። በኅዳር 2001 ግን የጠበቃ ወጪ አጥብቆት ተዘጋ።

በአውሮፓ ፕሮግራምን ለተጣጣሚነት ሲባል መፈታታት በመመሪያ ቁጥር 2009/24 በገደብ ተፈቅዷል።

መቆለፊያው

የ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ ጥያቄውን ቀየረው። በክፍል 1201 መሠረት ጥበቃ ያለውን ሥራ የሚቆልፍ መከላከያን መስበር፣ የተቀዳ ነገር ባይኖር እንኳ፣ በራሱ ጥፋት ነው። የድሮ ካርትሪጆች ይዘታቸው ስላልተመሰጠረ ይህ ብዙም አይነካቸውም። ከዊ ወዲህ ያሉት የኒንቴንዶ ማሽኖች ግን ጌሙን በምስጠራ ስለሚቆልፉት፣ ያለ መፍቻ ቁልፍ ኢሙሌተሩ ጌሙን ማንበብ አይችልም።

ኒንቴንዶ በየካቲት 2024 ዩዙ የተባለውን የስዊች ማሽኑን ኢሙሌተር አዘጋጆች የከሰሰው በዚህ በኩል ነው። ክሱ ኮዳችንን ሰረቁ ሳይሆን ምስጠራችንን ሰበሩ፣ ሌላውም እንዲሰብር መንገድ አሳዩ የሚል ነበር። በሳምንት ገደማ ውስጥ አዘጋጆቹ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ሥራውን ለማቆም ተስማሙ፤ ሲትራ የተባለው ኢሙሌተራቸውም አብሮ ተዘጋ። ስምምነት ፍርድ አይደለምና የኮኔክቲክስን ውሳኔ አልሻረም። ያም ሆኖ በተግባር ያሳደረው ፍርሃት ከፍርድ አያንስም።

የራስን ቅጂ ማውጣት

ከራስ ካርትሪጅ መቅዳት ከኢንተርኔት ከማውረድ ይሻላል፤ በሕግም በጥራትም።

በመጀመሪያ የካርትሪጁ መገናኛ ጥርሶች ቢያንስ 90 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ይጸዱና እስኪደርቁ ይጠበቃል። ከዚያ በካርትሪጅ ማንበቢያ ሁለት ጊዜ ይነበባል። የሁለቱ ንባቦች የሻ-1 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ከተለያየ ጥርሱ አሁንም ቆሻሻ አለበት ወይም በደንብ አልገባም። ከተመሳሰለ ኖ-ኢንትሮ ከሚባለው የትክክለኛ ቅጂዎች ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ካርትሪጁ በባትሪ የሚያዝ የጨዋታ ማስቀመጫ ካለው፣ ባትሪው ከመነካቱ በፊት የተቀመጠው ጨዋታ ቀድሞ ይነበባል። ባትሪው ከወጣ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

የሱፐር ኒንቴንዶ ፋይል መጠን ለ1,024 ሲካፈል 512 ቀሪ ካለው፣ የጥንት መቅጃ ማሽኖች የጨመሩት ትርፍ መግቢያ አለበት ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ይቆረጣሉ። የኒንቴንዶ 64 ፋይል ደግሞ በሦስት የባይት ቅደም ተከተል ይገኛል። በ80 37 12 40 ከጀመረ ትክክለኛው ነው፤ በ37 80 40 12 ከጀመረ ባይቶቹ ጥንድ ጥንድ ተገላብጠዋል፣ ማስተካከል ብቻ ይበቃል።

የፕሌይስቴሽን ሲዲ በአይኤስኦ መቅዳት የተለመደ ስህተት ነው። አይኤስኦ ከእያንዳንዱ የዲስክ ክፍል 2,048 ባይት ብቻ ይወስዳል፤ ሙሉው ግን 2,352 ነው። ውጤቱ ሙዚቃ የሌለው ወይም ቪዲዮው የሚቆራረጥ ጌም ነው። ስለዚህ በቢን እና በኪው ፋይሎች ይቀዳል። በአውሮፓ የተሸጡ አንዳንድ ዲስኮች ሊብክሪፕት የተባለ መከላከያ አላቸው፤ መረጃው የተደበቀው ተራ ቅጂ በማያነበው የዲስኩ ንዑስ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ጌሙ ደህና ተነስቶ መሐል ላይ ይቆማል።

“የገዛሁት ነው” የሚለው ክርክር

የአሜሪካ ሕግ ክፍል 117 የፕሮግራም ቅጂ ባለቤት መጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ዋናውን ሲሸጥ ቅጂውን አብሮ ያስረክባል ወይም ያጠፋል። ለካርትሪጅ ይሠራል ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው። በ1983 የኢሊኖይ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የአታሪ ካርትሪጅ እንደ ዲስክ በቀላሉ አይበላሽምና መጠባበቂያ አያስፈልገውም ብሎ የመቅጃ ማሽን ሽያጭ አግዷል። ከ40 ዓመት በላይ ያለፋቸውን ካርትሪጆች ዛሬ ያየ ሰው በዚህ ምክንያት መስማማት ይከብደዋል።

ጌምን አውርዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ማጥፋት ይፈቀዳል የሚለው ወሬ በየትኛውም ሕግ የለም። “የተተወ ጌም” የሚባል የሕግ ክፍልም የለም። በአሜሪካ የድርጅት ሥራ ጥበቃው ከታተመበት 95 ዓመት ነው፤ ስለዚህ በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነጻ የሚሆነው በ2081 መጀመሪያ ነው። ሮም በገፍ የሚያሰራጩትም ዋጋ ከፍለዋል፦ በ2018 ከኒንቴንዶ ጋር የተከራከሩት የላቭሮምስ ባለቤቶች ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2021 ደግሞ ሮምዩኒቨርስ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶባቸዋል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ለግል ጥቅም የመቅዳት ፈቃድ ፕሮግራምን አያካትትም፤ የቅጂው ሕጋዊ ባለቤት ግን ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካ አንድ ቅጂ መያዝ ይችላል።

ከሕጉ ባሻገር

የጌም ታሪክ ጥበቃ ድርጅት የሆነው ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡ ጌሞች 87 በመቶዎቹ ዛሬ ለሽያጭ አይገኙም። የሚሸጥ ጌም ማውረድና ማንም የማይሸጠውን ጌም ማዳን በሥነ ምግባር አንድ ናቸው ብሎ መከራከር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ሕጉ ግን አይለያቸውም። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች የድሮ ጌሞችን ከርቀት እንዲያስጠቅሙ የቀረበውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥቅምት 2024 አልተቀበለውም፤ ተመራማሪው ወደ ሕንጻው መሄድ ይኖርበታል።

ኢሙሌተር ጸሐፊዎቹ ስንቅ ያቀበሉት ለአፍቃሪዎች ብቻ አይደለም። ሶኒ በ2018 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ክላሲክ በውስጡ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች በተጻፈው ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ ነው። ከሃያዎቹ ጌሞች ዘጠኙ በ50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ምስል) የሚሄዱት የአውሮፓ እትሞች ስለነበሩ ገዢዎች በዝግታቸው አማረሩ፤ ጥፋቱ የኢሙሌተሩ ሳይሆን የጌሞቹ ምርጫ ነበር። የኮዱ ፈቃድ ንግድን ስለሚፈቅድ ሶኒ ሕግ አልጣሰም። የሱፐር ኒንቴንዶ ኢሙሌተር የሆነው የስኔስ9ኤክስ ፈቃድ ግን ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ጌሞች ተጭነውባቸው የሚሸጡት ርካሽ ሳጥኖች ይህን ኢሙሌተር ከያዙ፣ ከጌም ባለመብቶቹ በተጨማሪ በነጻ የሠሩትንም ፕሮግራመሮች ይበድላሉ።