ዓባይ «ወደ ላይ» ይፈሳል? ጂኦግራፊን ለልጆች ስናስተምር የምንስታቸው ነገሮች

ታች ክፍል ላይ ጂኦግራፊ ከአካባቢ ሳይንስ ጋር ተቀይጦ ነው የሚመጣው። ለዚህም ይሆናል አስተማሪውም ወላጁም «ቀላል ነው» ብሎ የሚያልፈው። ቀላል ግን አይደለም። ልጆች ከሚይዟቸው ስህተቶች ብዙዎቹም የእኛው ናቸው።

«ዋና ከተማ ከሸመደደ ጂኦግራፊ ያውቃል»

መሸምደዱ አይከፋም። ግን «ግብፅ፣ ካይሮ» ብሎ ካይሮ በየት በኩል እንደሆነች በእጁ መጠቆም ካቃተው የያዘው ስም ብቻ ነው።

«ሰሜን ላይ ነው፣ ደቡብ ታች»

ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንዲህ እንላለን። ከዚያ የዓባይ ትምህርት ይመጣና አንዱ ልጅ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ውኃ እንዴት ወደ ላይ ይፈሳል?» ክፍሉ ይስቃል። ልጁ ግን የነገርነውን ነው ያሰበው። ዓባይ ከጣና ሲነሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካርቱም ሲደርስ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው። ደግሞም መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ፣ ጎጃምን ዞሮ ነው ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው። ስለዚህ ካርታውን አውርዱት። መሬት ላይ ዘርጉትና የካርታውን ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አግጥሙት። ያኔ ዓባይን በጣታቸው ሲከተሉ «ላይ» የሚሉት ነገር አይኖርም።

«በእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል»

ለአውሮፓ ልጅ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሪው ጊዜ ይገለበጣል።

ይህን ለማሳየት ቀጥ ያለ እንጨትና ጠመኔ ይበቃል። እንጨቱን ግቢ ውስጥ ትከሉ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት በየአሥር ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። አንዴ በኅዳር፣ አንዴ በግንቦት ሞክሩት። ጥላው ከሁሉም የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ አለመሆኑንም ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሰዓታችን የተለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ርቆ በሶማሌ ክልል በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ትዘገያለች።

«ተራራ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ይሞቃል»

ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ራስ ዳሸን ላይ ወጥተን የምናተርፈው አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው! አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ።

«ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል»

አዋሽ አይገባም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል።

«የኢትዮጵያ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው»

ለሰሜኑና ለመካከለኛው ደጋ፣ አዎ። ቦረና ላይ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አነስተኛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። ሰኔና ሐምሌ ደረቅ ናቸው። ያቤሎ ያለ ልጅ «ክረምት ዝናባማ ነው» ብሎ ቢጽፍ ነጥቡን ያገኛል፤ በመስኮት ቢያይ ግን አቧራ ነው። እኔ ብሆን ክፍሉ ውስጥ የቀን መቁጠሪያ እሰቅላለሁ። የዘነበ ቀን ልጆቹ ነጠብጣብ ያድርጉበት። ሐምሌና ነሐሴን ቤታቸው ሆነው ይሙሉት፤ መስከረም ላይ ሲመለሱ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩት።