አልበም ምንድን ነው? የፍሊትዉድ ማክ ሥራዎች እንደ ማሳያ

በሙዚቃ ዓለም የአንድ ባንድ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ብቻ ሳይሆን በአልበምም ነው። «ከሁለተኛው አልበም በኋላ»፣ «ከታላቁ አልበም በፊት» እየተባለ ታሪኩ ይከፋፈላል፤ አባላት ሲገቡና ሲወጡም የሚወሳው በየትኛው አልበም ላይ እንደተጫወቱ ነው። በአጭሩ ሲገለጽ፣ አልበም ማለት በአንድ ርእስ ሥር፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል ተደርድረው፣ በአንድ ጊዜ ለአድማጭ የሚቀርቡ የሙዚቃ ቀረጻዎች ስብስብ ነው። ይህ ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አልበም ለምን ብዙውን ጊዜ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ዘፈን እንደሚይዝ፣ ርዝመቱ ለምን ከአርባ ደቂቃ ብዙም እንደማይርቅ፣ ዘፈኖቹስ በምን ሥርዓት ቦታ ቦታቸውን እንደሚይዙ አይነግረንም። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በሙዚቀኞቹ ምርጫ ውስጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያም በላይ ሙዚቃው በታተመበት ዕቃ ጠባይ ውስጥ ነው። እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን አባላት የነበሩት ፍሊትዉድ ማክ የተባለው የፖፕ ሮክ ባንድ ሥራዎች ይህን አጥርተው ያሳያሉ።

እስከ 1940ዎቹ ማብቂያ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ሸክላ በአንድ ገጹ ይይዝ የነበረው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚደርስ ሙዚቃ ብቻ ነበር። ረጅም ሥራ ለመሸጥ የፈለገ ኩባንያ በርካታ ሸክላዎችን እንደ መጽሐፍ በተጠረዘ ማኅደር ውስጥ ሰድሮ ያቀርብ ነበር፤ አልበም የሚለው መጠሪያም የቀረው ከዚያ ነው። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ የሚሽከረከረውን ባለ 12 ኢንች ሸክላ ለገበያ ሲያወጣ፣ ማኅደር ሙሉ ሙዚቃ በአንድ ሸክላ ላይ ተጠቃለለ። በየገጹ ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ በሁለቱ ገጽ አርባ ደቂቃ ማለት ነው።

ለምን ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ? በሸክላ ላይ ድምፅ የሚታተመው ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል እየተጠመዘዘ በሚሄድ አንድ ቀጭን ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ነው። ድምፁ በጎላ ቁጥር፣ በተለይም ቤዙ በበረታ ቁጥር፣ መስመሩ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት ስፋት ስለሚጨምር ብዙ ቦታ ይወስዳል። በአንድ ገጽ ላይ ከ22 ደቂቃ በላይ ማስገባት የፈለገ ሰው መስመሮቹን ማጠጋጋት፣ ለማጠጋጋትም የድምፁን መጠን ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ደግሞ መርፌው የሚያሰማው መንጫጫት ከሙዚቃው እኩል መሰማት ይጀምራል። ሌላም ችግር አለ። ሸክላው የሚሽከረከርበት ፍጥነት የማይለወጥ ቢሆንም፣ ዙሩ ወደ መካከል እየጠበበ ስለሚሄድ መርፌው በአንድ ሴኮንድ የሚጓዘው ርቀት እያጠረ ይመጣል፤ በዚህም የተነሣ በየገጹ መጨረሻ ላይ ቀጫጭን ድምፆች ጥራታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ጠንካራውን ዘፈን ከዳር፣ ለስለስ ያለውን ወደ መካከል ማስቀመጥ ልማድ ሆነ። ብዙ አድማጭ የአቀናባሪው ስሜት ብቻ የወሰነው አድርጎ የሚያስበው አደራደር በከፊል የመርፌና የመስመር ጉዳይ ነው።

ፍሊትዉድ ማክ በ1967 በለንደን ሲመሠረት በጊታር ተጫዋቹ በፒተር ግሪን የሚመራ የብሉዝ ባንድ ነበር፤ ስሙን ያገኘው ግን ከድራም መቺው ከሚክ ፍሊትዉድና ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከጆን ማክቪ ስም ነው። ግሪን በ1970 ከተለየ በኋላ ባንዱ አባላቱን ደጋግሞ እየለወጠ፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አልበም እያወጣ ቆየ። ከእነዚህ መካከል መልካም ሥራዎች ቢኖሩም፣ ባንዱን ባንድ አድርጎ ያቆየው በአንድም ዘፈን መታወቁ ሳይሆን አልበም ማውጣቱን አለማቋረጡ ይመስለኛል። በ1974 መኖሪያቸውን ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊንዚ በኪንግሃምና ስቲቪ ኒክስ ሲቀላቀሏቸው፣ ቀድማ ከገባችው ከክሪስቲን ማክቪ ጋር ሦስት የዜማና የግጥም ደራሲዎች በአንድ ባንድ ውስጥ ተገኙ። በ1975 ያወጡት በባንዱ ስም የተሰየመ አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ከአንድ ዓመት በላይ ቀስ በቀስ ሲወጣ ቆይቶ ነው።

ይህ አልበም ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ባንዱ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን በምትገኘው ሳውሳሊቶ ከተማ በ«ሪከርድ ፕላንት» ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ቀጣዩን ይቀርጽ ነበር። የማክቪ ባልና ሚስት ትዳር ፈርሷል፤ በኪንግሃምና ኒክስ ተለያይተዋል፤ የፍሊትዉድም ትዳር እየተናጋ ነበር። ሥራው ወራት በመፍጀቱ ቴፑ ደጋግሞ ከመጫወቱ ብዛት የቀጫጭን ድምፆቹ ጥራት ስለደበዘዘ፣ ባለሙያዎቹ ተቀምጦ የነበረውን ቅጂ አውጥተው ከኋላ ከተጨመሩት ድምፆች ጋር በእጅ ማስተካከል ግድ ሆኖባቸው ነበር። በየካቲት 1977 «ሩመርስ» በሚል ርእስ የወጣው አልበም ዐሥራ አንድ ዘፈኖችን ይዞ አርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያው ገጽ በፈጣኑ «ሰከንድ ሃንድ ኒውስ» ተከፍቶ፣ ክሪስቲን ማክቪ ፒያኖ እየተጫወተች በምትዘፍነው «ሶንግበርድ» ይዘጋል፤ አድማጩ ሸክላውን ሲገለብጥ ደግሞ አምስቱም አባላት በደራሲነት የተመዘገቡበት «ዘ ቼይን» በድራሙና በጊታሩ ይቀበለዋል። በመካከሉ ያለው ዝምታና የአድማጩ ከመቀመጫው መነሣት ሳይቀር የቅንብሩ አካል ነው። ሙዚቃውን ያለ ማቋረጥ የሚያጫውት ዘመናዊ መሣሪያ ይህን ክፍተት ስለሚያጠፋው፣ «ዘ ቼይን» ከ«ሶንግበርድ» በኋላ እንዲያው ዘልሎ የመጣ ይመስላል።

አልበም ምን እንደሆነ ከዚህ ሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ግን በአልበሙ ውስጥ ሳይገባ የቀረው ዘፈን ነው። ኒክስ ከበኪንግሃም ጋር ስለነበራት ፍቅርና ስለ መለያየታቸው «ሲልቨር ስፕሪንግስ» የተባለ ዝግ ያለና ረዘም ያለ ዘፈን ጽፋ ነበር። የሸክላው ገጽ ሊሸከመው ስላልቻለ ዘፈኑ ተነሥቶ፣ በቦታው ከሦስት ደቂቃ ብዙም የማይበልጠው «አይ ዶንት ዋንት ቱ ኖው» ገባ። ተተኪውንም የጻፈችው ኒክስ ራሷ መሆኗ ሐዘኗን አልቀነሰውም። የተገፋው ዘፈን «ጎ ዮር ኦውን ዌይ» በተባለው ነጠላ ዜማ ሁለተኛ ገጽ ላይ ታተመ። በዚህ አጋጣሚ በኪንግሃም ስለ ኒክስ የጻፈው ዘፈንና ኒክስ ስለ በኪንግሃም የጻፈችው በአንድ ትንሽ ሸክላ ሁለት ገጾች ላይ ጀርባ ለጀርባ ተገናኙ፤ ማንም አቅዶ እንዲህ አያሳምረውም። ዘፈኑ ሰፊ አድማጭ ያገኘው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ባንዱ በመድረክ ተጫውቶ በ1997 ባወጣው «ዘ ዳንስ» ላይ ነው። ከነጠላ ዜማ ጀርባ መታተምና በአልበም ውስጥ መካተት ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ ይታያል።

«ሩመርስ» የአሜሪካን የሙዚቃ ሽያጭ በሚመዘግበው በቢልቦርድ መጽሔት ሰንጠረዥ በድምሩ 31 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎም የግራሚ ሽልማት ተቀበለ፤ በዓለም ዙሪያ የተሸጠውም ከ40 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ባንዱ ያንኑ መድገም ሲችል በ1979 ፍጹም የተለየ ሥራ ይዞ ወጣ፦ «ታስክ»፣ ሃያ ዘፈኖች በሁለት ሸክላ። ሁለት ሸክላ ማለት አራት ገጽ ነውና የቦታ ጥበት ቀረ፤ ይሁንና ዋጋው ወደ 16 ዶላር ከፍ አለ፣ ሽያጩም ከቀዳሚው እጅግ ያነሰ ሆነ። እንደ እኔ አስተያየት «ታስክ» ከ«ሩመርስ» ይልቅ ደፋር፣ ግን ይበልጥ የተበታተነ ሥራ ነው፤ ከአልበሙ የጎደለውም ያው ቀድሞ ያስጨንቃቸው የነበረው ገደብ ነው። በኋላ በአንድ ሲዲ ሲታተም ደግሞ የሲዲው ቦታ ስላልበቃ «ሳራ» የተባለው ዘፈን አጥሮ ገባ። አንድ ገደብ ሲነሣ ሌላው ይተካል።

አልበም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያሻል። ባንዱ አዲስ ዘፈኖችን ስቱዲዮ ገብቶ ሲቀርጽ የስቱዲዮ አልበም ይባላል፤ ስለ አንድ ባንድ «ይህን ያህል አልበም አለው» ሲባል ዘወትር የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። እንደ «ዘ ዳንስ» ያለው የመድረክ አልበም ነው፤ በ1988 የወጣው የባንዱ ተወዳጅ ዘፈኖች ጥርቅም ደግሞ ስብስብ ይባላል።

ዛሬ ሙዚቃ በኢንተርኔት ሲሰማ ገጽም፣ መስመርም፣ የደቂቃ ገደብም የለም፤ አልበምን ለመቁጠር ግን አዲስ ስሌት አስፈልጓል። ቢልቦርድ በ2014 መጨረሻ ባወጣው ደንብ ከአንድ አልበም ውስጥ ያሉ ዘፈኖች 1,500 ጊዜ ሲሰሙ አንድ አልበም እንደተሸጠ እንዲቆጠር ወሰነ፤ በኋላ ቁጥሩ ተሻሽሏል። በዚህ ስሌት አድማጩ አልበሙን በሙሉ ይስማው ወይም አንዱን ዘፈን ብቻ ይደጋግመው ልዩነት የለውም። በ2020 አንድ ሰው በስኬትቦርድ እየተንሸራተተ «ድሪምስ»ን ሲያዳምጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በቲክቶክ በመሰራጨቱ፣ «ሩመርስ» ከወጣ ከ43 ዓመት በኋላ በቢልቦርድ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር አልበሞች መካከል እንደገና ገባ። በሰንጠረዡ ላይ የተመዘገበው የአልበሙ ስም ቢሆንም፣ ከአዳዲሶቹ አድማጮች አብዛኞቹ የሰሙት ሁለተኛውን ዘፈን ነበር።