ጓንዡ፦ ከገበያው ጀርባ ያለችው ከተማ

የቻይናዋ ጓንዡ ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ ስም አይደለም። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አላት። ልብስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ ወይም የስልክ መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው እዚያ ይወርዳል፤ ናሙና ያያል፤ በካልኩሌተር ይከራከራል፤ ዕቃውን ለካርጎ አስረክቦ ይመለሳል። ከተማዋን የሚያውቃት በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ባሉት የልብስ ሕንጻዎች፣ በሳንዩዋንሊ የቆዳ መደብሮችና አፍሪካውያን በሚበዙበት በሺያዎቤይ ሰፈር ነው። እዚያ ሁሉም ይሮጣል። ሁለት ሦስት መንገድ አለፍ ሲሉ ግን አንድ ሽማግሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የጀመሩትን ሻይ እስከ 4 ሰዓት አልጨረሱም። የከተማዋን ጠባይ ለማወቅ ከእሳቸው ጠረጴዛ መጀመር ይሻላል።

የጓንዡ ሰው «ያም ቻ» ይላል። ቃሉ ሻይ መጠጣት ማለት ነው፤ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ ግን እምብዛም የለም። መጀመሪያ የሻይ ዓይነት ይመረጣል። ጠቆር ያለው ፑኧር የብዙ አዛውንት ምርጫ ነው። ከዚያ ዲም ሳም የሚባሉት ትንንሽ ምግቦች ከቀርከሃ በተሠራ ክብ ዕቃ በእንፋሎት እንደጋሉ ይመጣሉ። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ አለ። ሆዱ ጣፋጭ የአሳማ ሥጋ የሆነ ነጭ ዳቦ አለ። እንደ ሻሽ ሳስቶ የተጠቀለለ የሩዝ ሊጥ አለ። የዶሮ እግርም አለ፤ እኛ ዶሮ ስንገነጥል የምንጥለው ያው እግር እዚህ ተጠብሶ፣ በእንፋሎት በስሎ፣ በተመረጠ ሳህን ይቀርባል። የድሮ ሰዎች «አንድ ሲኒ፣ ሁለት ቁራሽ» ይሉ ነበር። የድሃ ቁርስ ልኩ ይኸው ነበር።

ገበታው የራሱ ሥርዓት አለው። ሳህንና ሲኒው ታጥቦ ነው የሚቀርበው። ቢሆንም በላተኛው የመጀመሪያውን ትኩስ ሻይ አፍስሶበት ያለቀልቀዋል። ሰው ሻይ ሲቀዳልህ አፍህ ምግብ ይዞ ከሆነ መናገር አይጠበቅብህም፤ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለህ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ነገሩን ወደ አጼ ቺየንሎንግ የሚወስድ ተረት አለ። ንጉሡ ተራ ሰው መስለው ሲዞሩ ለአጃቢዎቻቸው ሻይ ቀዱላቸው፤ አጃቢዎቹ እንዳይሰግዱ ምስጢሩ ይወጣል፣ ስለዚህ ጣቶቻቸውን አጥፈው በጠረጴዛው ላይ አሰገዱ ይባላል። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ደግሞ አስተናጋጅ አይጠራም። ክዳኑን ከፈት አድርጎ መተው ይበቃል። መጨረሻ ላይ የሂሳብ ትግል ይመጣል፦ «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «ኧረ በጭራሽ!» ይህን ትዕይንት ሐበሻ ማስተርጎም አያስፈልገውም።

ታኦ ታኦ ጁ የሚባለው ሻይ ቤት ከ1880 ጀምሮ አለ። «ጓንዡ ሬስቶራንት» በ1935 ተከፈተ። ቅዳሜና እሑድ እንዲህ ያሉት ቤቶች ሦስት ትውልድ በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጠ ቤተሰብ ይሞላሉ፤ ቁጥር ይዞ ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነው።

ምግቡ በርበሬ ለለመደ ምላስ አልጫ ነው። የጓንዡ ሰው ዓሣውን ከገንዳ እያየ ይመርጣል፣ በዝንጅብልና በሽንኩርት ብቻ በእንፋሎት ያበስለዋል፣ ቅመም የሚያበዛውን ወጥ ቤት በጥርጣሬ ያያል። ቅመም ትኩስ ያልሆነ ሥጋን ይሸፍናል ባይ ነው። የማይበሉት ነገር የለም የሚለው ወሬም ቻይና ውስጥ ሳይቀር ይከተላቸዋል፤ እግር ካለው ጠረጴዛ፣ ከሚበረው አውሮፕላን ብቻ ይቀራል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ራሳቸውም ይስቁበታል።

ከተማዋ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ፐርል ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት ያቋርጣታል፤ ሆንግ ኮንግ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃታል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ18.6 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ተመዝግቦባታል። አውሮፓውያን ካንቶን ይሏት ነበር። ተረቷ አምስት መላእክት በአምስት ፍየሎች ተቀምጠው፣ የሩዝ ዘለላ ይዘው እንደመጡ ይነግራል። ፍየሎቹ ድንጋይ ሆነው ቀሩ፣ ከተማዋ ጠግባ አደረች። ሐውልታቸው ዩዌሺዩ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል። «የፍየሎች ከተማ» የሚለው ቅጽል ስሟም ከዚህ የመጣ ነው።

ንግድ ግን ተረት አይደለም። ከ1757 እስከ 1842 ድረስ የምዕራብ ነጋዴዎች መርከብ በቻይና የሚገበያይባት ብቸኛ ወደብ ይህቺ ነበረች። ሻይ፣ ሐርና ሸክላ የሚገዙት «ሺሳንሃንግ» በተባለው ሰፈር ከነበሩት የንግድ ቤቶች ነው፤ ትርጉሙ አሥራ ሦስቱ የንግድ ቤቶች ማለት ነው። ዛሬ በዚያው አካባቢ የልብስ ጅምላ ገበያ አለ። ካንቶን ፌር የሚባለው ግዙፍ የንግድ ትርኢትም ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር ይካሄዳል። በነዚያ ሳምንታት የሆቴል ዋጋ ጣራ ይነካል።

ከእኛ አካባቢ ጋር የሚያገናኝ አንድ የቆየ ትውፊትም አለ። ሁዋይሼንግ የሚባለው መስጊድ በቻይና እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። የቻይና ሙስሊሞች የነቢዩ ባልደረባ የነበሩት ሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ እንዳሠሩት ይተርካሉ። በአንዳንዱ አተራረክ ደግሞ በመርከብ የመጡት ከሐበሻ ምድር ተነስተው ነው። የታሪክ ምሁራን ይህን አይቀበሉም። ትውፊቱ ግን አልጠፋም፤ መስጊዱም እየተሰገደበት ነው።

የከተማዋ አፍ መፍቻ ካንቶንኛ ነው። ጽሕፈቱ ከአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ከማንዳሪን ጋር ይገናኛል፣ ንግግሩ ግን አይገናኝም፤ የቤጂንግ ሰው አውቶቡስ ውስጥ የሚሰማውን ወሬ አይረዳም። ስድስት ቃና አለው። ድምፅህን ከፍ ወይም ዝቅ ስታደርግ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት በማንዳሪን ስለሚሠሩ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣውም ሕዝብ ብዙ ስለሆነ፣ ከአያቱ ጋር በካንቶንኛ ማውራት የሚያቅተው ልጅ እየበዛ ነው። በ2010 የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ወደ ማንዳሪን ይዙሩ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሰዎች አደባባይ ወጥተው ተቃውመዋል። ገበያ ውስጥ ግን ቋንቋው ገና ትኩስ ነው። ሻጯ ማንኛዋንም ሴት «ሌንግ ሎይ» ትላታለች፣ ቆንጆዋ ማለት ነው። ወንዱ «ሌንግ ጃይ» ነው። ዕድሜ፣ መልክ፣ ምንም አይታይም። እውነት መስሎት ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል የዋህ እንግዳ ይኖር ይሆናል።

አየሩ ከባድ ነው። በጋው ረጅም፣ እርጥብና ወበቃም ነው፤ አውሎ ነፋስም ያመጣል። ጸደይ መግቢያ ላይ ደግሞ ግድግዳው ያልበዋል። ቀልድ አይደለም፤ የደቡቡ እርጥብ ነፋስ የቀዘቀዘውን ቤት ሲያገኘው ወለልና መስታወት ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ የታጠበ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። የድሮዎቹ ሰፈሮች ለዚህ አየር የተሠሩ ናቸው። ፎቁ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ በዓምድ ላይ ይቆማል፣ ሥሩ የእግረኛ መንገድ ይሆናል። ዝናብም ፀሐይም ሳይነካህ ሰፈሩን ታቋርጣለህ።

ለሰውነት ያላቸው መድኃኒት ሁለት ነው። አንዱ «ሊዮንግ ቻ» ነው፣ ማቀዝቀዣ ሻይ እንደማለት። ሻይ ቅጠል የለበትም፤ የመድኃኒት ቅጠልና ሥር ተቀቅሎ ነው። ጉሮሮ ሲከረክር፣ ፊት ላይ ብጉር ሲወጣ፣ ጥብስ ሲበዛ «ሙቀት ገባህ» ይባላል፤ እኛ ምች መታህ እንደምንለው ሐኪም የማይመዘግበው፣ እናት ሁሉ የምታውቀው በሽታ ነው። ያኔ መንገድ ዳር ቆመህ አንድ ብርጭቆ ጥቁር መራራ ትጨልጣለህ። ኮሶን የሚያስታውስ ሰው አይደነግጥም። ሁለተኛው ሾርባ ነው። አጥንት፣ ሥራሥርና የደረቀ ፍራፍሬ በቀስታ እሳት ለሰዓታት ይንተከተካል፤ ከምግብ በፊት ይጠጣል። ርቆ የሚሠራ ልጅ ስልክ ሲደውል እናቱ «ሾርባ ጠጥተሃል?» ብላ ትጠይቀዋለች። ናፍቀኸኛል ለማለት ሌላ ቃል ብዙም አትፈልግም።

መሀል ከተማዋ ላይ 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ማማ ቆሟል፤ ነዋሪው «ቀጭን ወገብ» ይለዋል። ሜትሮው በ1997 ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ብርቅ ነው፤ የጎመን ሻጩም የሚከፈለው ስልክ ላይ በሚነበብ ኮድ ነው።

ከማማው ብዙ ሳይርቅ ግን ቀን አምፖል የሚበራባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ። እነዚህ ከተማዋ እየሰፋች የዋጠቻቸው መንደሮች ናቸው፤ ከ100 በላይ ይሆናሉ። ገበሬው የእርሻ መሬቱን ሲያጣ የቤት ቦታው ቀረለት። በዚያ ላይ ፎቅ በፎቅ ሠርቶ አከራየ። ቤቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ «የመጨባበጫ ሕንጻዎች» ይባላሉ፤ በመስኮት እጅህን ብትዘረጋ ጎረቤትህን ትጨብጣለህ። ከሁናንና ከሁቤይ ክፍለ ሀገር የመጣው ሠራተኛ ኑሮ የሚጀምረው እዚህ ነው። ካንግሌ በተባለው መንደር የስፌት ቤት ባለቤቶች የልብስ ናሙና ይዘው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ሰፊው ልብሱን ያገላብጣል፣ በፍሬ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከተስማማ ይገባል።

አከራዩ በበኩሉ በነጠላ ጫማና በቁምጣ፣ ቁልፍ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሀብታሙን ከልብሱ ለመለየት መሞከር በዚህ ከተማ ሞኝነት ነው።

መንደሮቹ መሬታቸውን ቢያጡም ጀልባቸውን አልሰጡም። ዘንዶ ጭንቅላት ያላቸው ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች ዓመቱን ሙሉ በወንዝ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይቆያሉ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር ከሚውለው በዓል በፊት ጎልማሶቹ ወደ ጭቃው ወርደው ያወጧቸዋል። ከዚያ እየተቀዘፈ መንደር መንደርን ይጎበኛል። ከበሮ ይመታል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ትልቅ ድግስ ይበላል። ሊየዴ የሚባለው መንደር ከ2010 የእስያ ጨዋታዎች በፊት ፈርሶ በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ተተክቷል። ጀልባዎቹ ግን በፎቆቹ ሥር ባለው ውሃ አሁንም ይቀዘፋሉ።

በጨረቃ አዲስ ዓመት ዋዜማ ከተማው ወደ አበባ ገበያ ይወጣል። ሰው የኮክ አበባ ቅርንጫፍ በትከሻው ተሸክሞ ሜትሮ ይገባል። ትንንሽ ብርቱካን የመሰለ ፍሬ ያንጠለጠለ ዛፍም ይገዛል፤ ስሙ ከመልካም ዕድል ጋር ስለሚገጥም ነው። በቀይ ፖስታ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ነው። ሌላ ክፍለ ሀገር መቶዎችን ሲያሽግ ጓንዡ 5 ወይም 10 ዩዋን ከትቶ ለዘበኛው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ላላገባ ሁሉ ያድላል። ቻይናዊው ሁሉ በዚህ ይስቅባቸዋል። እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ ወድጄዋለሁ፤ ማንም ለበዓል አይበደርም።

ማታ አደባባዩ የእናቶች ነው፤ በድምፅ ማጉያ ተሰልፈው ይጨፍራሉ። ከዚያ «ሲዩ ዬ» ይመጣል፣ የእኩለ ሌሊት ምግብ። ከሚወደዱት አንዱ የጀልባ ሙቅ ነው፦ ዓሣና ኦቾሎኒ ያለበት የሩዝ አጥሚት። ድሮ ሊዋን ሰፈር በሚገኘው ውሃ ላይ ከትንንሽ ጀልባ ይሸጥ ነበር፤ ጀልባዎቹ ሄደው ስሙ ቀርቷል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም የመጨረሻው በላተኛ ሳህኑን ሲገፋ፣ ሻሄ የልብስ ገበያ ውስጥ መዝጊያ ብረቶቹ ወደ ላይ መነሳት ይጀምራሉ፤ ተሸካሚዎቹ የመጀመሪያውን እስር በጋሪ ይዘው ያልፋሉ።