ጸረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶችና የማዕድን ናኖ ቅንጣቶች፦ ከሰሜን ሸዋ የወተት ላሞች አንጻር

ጸረ ተሕዋስያን ፔፕታይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሰውም፣ እንስሳም፣ ዕፅዋትም፣ ባክቴሪያዎች ራሳቸውም ያመነጩታል። ናኖ ቅንጣት ደግሞ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሚለካ ብናኝ ነው፤ እዚህ የብርና የወርቁ ይበልጥ ይነሳል። ሁለቱን ማጣመር ገና ከቤተ ሙከራ ብዙም ያልራቀ የምርምር መስክ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ነገሩ የሚቀርበው በወተት በኩል ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ላም የሚያልብ ሰው መጀመሪያ የወጣውን ወተት ሲያይ ውሃማ ከሆነ ወይም የረጋ ብጥስጣሽ ካለበት፣ ግቷም ካበጠና ከጋለ፣ የግት በሽታ ይጠረጥራል። ከዋነኞቹ አምጪዎች አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን መቋቋም ከቻለ ቆይቷል፤ በዚያ ላይ ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርቶ ከመድኃኒት ይደበቃል።

ፔፕታይዱ ፖዘቲቭ፣ የባክቴሪያው ገጽ ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላላቸው ይሳሳባሉ፤ ፔፕታይዱም የባክቴሪያውን የሕዋስ ሽፋን ይበሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ማይክል ዛስሎፍ ማጋይኒን የተባለውን ፔፕታይድ ከአፍሪካ ጥፍራም እንቁራሪት ቆዳ አገኘ። ዘመዷ ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ትኖራለች። ከማጋይኒን የተሠራው የቁስል ቅባት እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካን ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። ፔፕታይድ ለማምረት ውድ ነው፤ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞችም ቶሎ ይቆራርጡታል።

ብር፣ ለገንዘባችን ስሙን ያበደረው ማዕድን፣ የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው። ከቅንጣቱ የሚለቀቁት አየኖች (የኤሌክትሪክ ሙላት ያላቸው የብር አተሞች) ድኝ ያለባቸውን የባክቴሪያ ፕሮቲኖች ይዘው ሥራ ያስፈታሉ። ማጣመሪያውም ያው ድኝ ነው፦ ጫፉ ላይ ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ወርቅን ወይም ብርን አጥብቆ ይይዛል። በአንድ ቅንጣት ላይ ብዙ ፔፕታይዶች ሲሰለፉ ጉልበታቸው አንድ ቦታ ይከማቻል፤ በከፈቱት ቀዳዳም የብር አየን ይገባል። ኢንዛይምም እንደ ቀድሞው በቀላሉ ላይደርስባቸው ይችላል። አያያዙ ከተጣመመ ግን ፔፕታይዱ ኃይሉን ያጣል፤ ጨው ባለበት ፈሳሽም ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ይዘቅጣሉ።

ብር መጠኑ ሲበዛ የእንስሳውንም ሕዋስ ይጎዳል። ግት ውስጥ ቢጨመር ደግሞ ከወተቱ ጋር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ግት ውስጥ ከሚገባው መድኃኒት ይልቅ ከታለበች በኋላ ጡቷ የሚነከርበት ፈሳሽ ቀድሞ ለአገልግሎት ሊደርስ የሚችል ይመስላል። ወተት አርጊው ባክቴሪያ ላክቶኮከስ ላክቲስ የሚሠራው ባለ 34 አሚኖ አሲዱ ፔፕታይድ ኒሲን ለአይብ ማቆያነት ሲያገለግል ስለኖረ ለዚህ ጥሩ እጩ ነው።