ሴት ናይት ማን ናት?

«ናይት» ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ብረት ለብሶ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ወንድ ነው። ሴቲቱ ግንብ ውስጥ ሆና እሱን ትጠብቃለች። በድሮ የጣሊያን የጀግንነት ግጥሞች ውስጥ ግን ብረቱን ራሷ የምትለብስ፣ ጦሩን ራሷ የምትሰብቅ ሴት አለች። ሴት ናይት የምንላት እሷን ነው።

ከእነዚህ አንዷ ብራዳማንቴ ናት። የፌራራው ገጣሚ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመውና በ1532 አስፍቶ ባወጣው «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» ውስጥ እናገኛታለን። በታሪኩ የንጉሥ ሻርለማኝ ፈረሰኛ፣ የጀግናው የሪናልዶ እህት ናት። ገና መጀመሪያው ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ ብቅ ትላለች፤ ሳክሪፓንቴ የተባለውን ንጉሥ ከነፈረሱ ትዘርረውና ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ትሄዳለች። የጣለችው ሴት መሆኗን የነገረው ከኋላዋ የደረሰ መልእክተኛ ነው። ሰውዬው አፈረ፣ ቃል አጣ።

በኋላ ላይ የወርቅ ጦር ትይዛለች። ጦሩ አስማት አለበት፤ የነካውን ሁሉ ከፈረስ ያወርዳል። እሷ ግን ይህን አታውቅም። እውነት ለመናገር ይቺ ነገር ቅር ትለኛለች። የሚያሸንፈው ጦሩ ከሆነ፣ የእሷ ጀግንነት የቱ ጋ ነው?

መልሱን ያገኘሁት 32ኛው ክፍል ላይ ነው። በብርድ ሌሊት አንድ ግንብ ትደርሳለች። የግንቡ ደንብ ጉድ ነው፦ ከወንዶች በጉልበት የበለጠው፣ ከሴቶች በቁንጅና የበለጠችው ብቻ ያድራሉ። ሌላው ውጭ! ቀድመው የገቡ ሦስት ነገሥታት ነበሩ። አስወጥታ ሦስቱንም ጣለቻቸውና ገባች። የራስ ቁሯን ስታወልቅ ረጅም ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ዝርግፍ አለ። ለካ ሴት ናት!

ጣጣው እዚህ ጋ መጣ። ውስጥ ኡላኒያ የምትባል እንግዳ አለች። የግንቡ ጌታ ሁለቱን አስተያየና ብራዳማንቴ ትበልጣለች፣ ኡላኒያ ትውጣ ብሎ ፈረደ። ሌላ ሰው ቢሆን በልቡ ደስ ብሎት ዝም ይላል። ብራዳማንቴ ግን ፍርዱን አልቀበልም አለች፤ ጀግንነቷ እዚህ ጋ ነው። እኔ የገባሁት በክንዴ ነው እንጂ በመልኬ አይደለም አለች። ደግሞ ልብሴን ካላወለቅሁ ሴት መሆኔን በምን አወቃችሁ? ፀጉሩን ያስረዘመ ሁሉ ሴት ነው እንዴ? በቁንጅና ብሸነፍስ ኖሮ፣ በጦር ያገኘሁትን ማደሪያ ልትነጥቁኝ ነበር? በዚህ የማይስማማ ካለ ደግሞ ጦሩ ይኸው።

ጌታው እሺ አለ። ኡላኒያ ቀረች፣ ራት ቀረበ። ሦስቱ ነገሥታት ግን ውጭ ናቸው።